ከበቆጂ በላይ፤ የፈረስ ቀበሮ አገር

ባለፈው የጥቅምት ወር ወደ አርሲ ደጋ ለመሄድ ዕድል ስላገኘን፥ ከበቆጂ በላይ ባሉት ተራሮች ያየነውንና የሰማነውን ለክቡራን አንባብያንና ለልጆቻቸው በዚህ ገጽ ለማውጋት አስበናል።

ከአሰላ እስከ በቆጂ ያለው መንገድ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተጓዡ የጭላሎን ተራራ በስተ ግራው እያየ ሳጉሬን አልፎ ይሄዳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ሁሉ እርሻ ነው። በጥቅምት ስንዴው ገና አረንጓዴ ሲሆን ገብሱ ወደ ቢጫነት ያዘነብላልና፥ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ምድሩ ሁለት ቀለም ያለው ጥለት ይመስላል። የበቆጂ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራሮች እግር ሥር ስለምትገኝ፥ ብርድዋ ለቈላ ሰው የሚቻል አይደለም። ደራርቱ ቱሉን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች አገር መሆንዋን አንባቢ ስለሚያውቀው ይህን አንደግምም። እኛን የሳበን ከከተማይቱ በላይ በውርጩ ውስጥ የሚኖረው፥ እርሱም በእግሩ የማይታማው ቀይ አውሬ ነው።

ይህ አውሬ በአማርኛ ቀይ ቀበሮ ይባላል። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ ተጓዥ ከዛሬ 190 ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ተራሮች አግኝቶት ለአውሮጳ ሊቃውንት ስላስታወቀው፥ በሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ የሰሜንን አገር ስም ይዞ ይኖራል። በሌላ ዘመን የተደረገው የዘር ምርመራ ግን ቀበሮ ከመባል ይልቅ የአውሮጳና የእስያ ተኵላ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ገልጧል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ሁሉ ቢቈጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ሲሆኑ፥ የቀሩት በሰሜን፥ በወሎ፥ በመንዝና በዚሁ በአርሲ ተራሮች ተበታትነው ይኖራሉ።

በጋላማ ተራራ ግርጌ ፈረስ የተከራየናቸው ሽማግሌ ግን ይህን ሁሉ ስንነግራቸው ፈገግ አሉና፥ «እኛ ቀይ ቀበሮ አንለውም፤ ጀዳላ ፈርዳ እንለዋለን» አሉን። ትርጓሜው በኦሮምኛ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ቀበሮን ከፈረስ ጋር ምን አገናኘው ብለን ብንጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱን።

«የደረሰች ባዝራ ለመውለድ ከመንጋው ተለይታ ወደ ሜዳው ስትወጣ እርሱ በሩቅ ይከተላታል። ቀን ሙሉ ተኝቶ ይጠብቃታል። ውርንጭላውን አይነካም፤ እርስዋም አትፈራውም። ወልዳ ስትነሣ ግን ቀርቦ የእንግዴ ልጁን በልቶ ይሄዳል። ላምም ብትሆን እንዲሁ ነው።»

ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ደኅና ጎረቤታቸውን የሚያመሰግኑ ይመስሉ ነበር። «የእንግዴ ልጁ እዚያው ቢቀር ማታ ጅብ ይጠራብን ነበር፤ እርሱ ግን ጠርጎ ይሄዳል» ሲሉም ጨመሩበት። የራሳቸው ባዝራ በደጃፍ ታስራ ነበር፤ ሆድዋ ወርዶ፥ ጡትዋ ሞልቶ፥ የመውለጃዋ ቀን እንደ ደረሰ ያስታውቅ ነበር።

በዚያው ጧት ከሽማግሌው ልጅ ጋር ሆነን ወደ ላይ ጕዞ ጀመርን። የአርሲ ፈረስ በተራራ ላይ የሚያሳየው ትዕግሥት የሚያስደንቅ ነው፤ ጋላቢው ግን ያንን ያህል አልታገሠም፤ ከእኛ መካከል አንዱ ሁለት ጊዜ ከኮርቻው ወርዶ በእግሩ መሄዱን ሳይሸሽግ ይናገራል። የመጨረሻውን የገብስ ማሳ አልፈን ስንወጣ ጥቂት የኮሶ ዛፎችና ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ተቀበሉን። ከዚያ በላይ አስታው እንደ አጥር ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። እርሱም ሲያልቅ ሰማይና ሣር ብቻ ይቀራል፤ በሣሩም መካከል ጅብራው እንደ ዘብ ጠባቂ እዚህም እዚያም ተተክሎ ይታያል። ጅብራ ማታ ሌሊቱ ሲከብድ ቅጠሎቹን ሰብስቦ እምቡጡን ይሸፍናል፤ ፀሐይ ስትወጣም ይከፍታቸዋል።

በአስታው ውስጥ ስናልፍ የልጁ ዓይን ከእኛ ዓይን ቀድሞ ሦስት እንስት የደጋ አጋዘኖችን አየ። እኛ ያየነው ሲሸሹ የጅራታቸውን ነጭ ብቻ ነው። ወንዱ ቀንደ ጥምዝምዝና ግርማው የሚያስፈራ ነው፤ ልጆቻችን መልኩን ለማወቅ ቢሹ ዛሬ በገበያ እምብዛም በማይታየው በ10 ሳንቲም ላይ ተቀርጾ ያገኙታል። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀው የነበረውን ይህን አጋዘን አውሮጳውያን ያወቁት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1908 ሲሆን፥ ሻለቃ አይቮር በክስተን የሚባለው እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት በእነዚሁ ተራሮች አድኖ ከወሰደ በኋላ፥ ሊደከር የሚባለው ሊቅ በ1910 ስም አወጣለት። አጋዘኑ ቀን ከነብርና ከሰው ዓይን በአስታ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ወደ ገብሱ ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬው በእርሱ ላይ ያለው ቍጣ ከንቱ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የዓመት ድካሙን በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው ስለ አጋዘን ውበት ቢነግሩት አይሰማም። ነገር ግን በባሌ ዲንሾ በብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ይኸው ፍጥረት ሰውን እንደ ጥላው ቈጥሮ ሳይሸሽ ሲሰማራ ይታያል። መሸሽን ያስተማረው የሰው ሥራ መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከአስታው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ፈረሶቹ በጥንቃቄ ይረግጡ ጀመር፤ ምድሩ ሁሉ በቀዳዳ የተበሳ ነውና። የዚያ አገር ባለቤት አይጥ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሌሊቱ እጅግ ስለሚከብድ አይጦቹ እንደ ቈላው አይጥ ሌሊት መውጣትን ትተው አብዛኞቹ ቀን በፀሐይ ይሰማራሉ፤ ሣሩን እያጨዱ፥ አፈሩን እየገለበጡ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ይሮጣሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ቻይልድስ ፍሪክ የሚባለው አሜሪካዊ በ1911ና በ1912 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር በጭላሎ ላይ ካገኛቸው መካከል፥ በ1914 ለሊቃውንት አዲስ ሆነው የተጻፉ ይገኛሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ሽኮኮና ዐለት በአንድነት ተጠቅሰው እንደሚገኙ ያስታውሳል፤ እኛም በገደሉ አፋፍ ላይ ሽኮኮዎችን በተርታ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አየናቸው። አይጥን ግን እስከምናውቀው ድረስ ያመሰገነ ሰው የለም። ሆኖም የዚያ ደጋ ሕይወት ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ንስሩም፥ ጭልፊቱም፥ ቀበሮውም ዓይናቸውን የሚጥሉት በእርሱ ላይ ነው።

እኵለ ቀን ሲሆን ልጁ በእጁ ወደ ታች አመለከተን። ሠላሳ ያህል ከብት በረግረጉ ዳር ይግጡ ነበር፤ በመካከላቸውም አንድ ቀይ ነገር ቀስ እያለ ይራመድ ነበር። መጀመሪያ ጥጃ መሰለን። በመነጽር ስንመለከተው ግን ረጃጅም እግር፥ ሹል ጆሮ፥ ነጭ ጕሮሮና ጥቍር የጅራት ጫፍ ያለው ሆኖ አገኘነው። ላሞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እርሱም ከአንዲት ጥቍር ላም ጎን ተጠግቶ፥ ስትራመድ እየተራመደ፥ ስትቆም እየቆመ ይሄድ ነበር። በድንገት ጆሮውን ቀጥ አድርጎ በሆዱ ተለጠፈና ዘለለ። ሲነሣ አይጥ በአፉ ይዞ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አኝኮ ዋጠው።

የዚህ ነገር ምክንያቱ እንዲህ ነው። አይጥ የከብትን ኮቴ ስለ ለመደ በላም መካከል የሚሄደውን አውሬ አይጠረጥርም፤ ቀበሮውም ላሚቱን እንደ ጋሻ ይጠቀምባታል። በባሌ የሚመራመሩ ሰዎችም ይህንኑ ጽፈዋል። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ከላም ይልቅ ጭላዳ ዝንጀሮ ይህን አገልግሎት ይሰጣል። በ1915 ሳይሆን በቅርቡ በ2015 በአውሮጳ አቈጣጠር የታተመ ጥናት እንዳስታወቀው፥ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚቀናው 25 ጊዜ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ውሻ ሲያዩ በገደል ሲበተኑ፥ ቀበሮውን ግን ግልገሎቻቸው በአጠገቡ ሲጫወቱ እያዩ ይተዉታል። እርሱም የታመነበትን ነገር ጠብቆ ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ ምናልባት አንዱን ቢነካ የዘላለም ጥቅሙን እንደሚያጣ የሚያውቅ ይመስላል።

ከዚህም የሚበልጥ አስደናቂ ነገር ከወደ ባሌ ተሰምቷል። በዚያ ደጋ አሸንዳ የሚባል፥ አበባው ከላይ እሳት ከታች ወርቅ የሚመስል ተክል አለ። የእረኞች ልጆች ጣፋጩን ለማግኘት አበባውን ይልሱታል። በ2024 የታተመ ጽሑፍ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ እንደሚልስ አስታወቀ፤ አንዱ ቀበሮ በአንድ ጕዞ እስከ 30 አበባ ድረስ ሲዞር ታይቷል። አፍንጫውም በቢጫ ብናኝ ስለሚሸፈን፥ ንብ እንደምታደርገው ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ያደርስ ይሆናል ተብሎ ታስቧል። ሥጋ በል የሆነ ትልቅ አውሬ እንዲህ ሲያደርግ ከዚያ በፊት አልተጻፈም ነበር። የጥንት ሰዎች ስለ አራዊት ጠባይ የሚናገረውን ፊሳልጎስን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ ከዚህ ያነሰ ተአምር በደስታ ይቀበሉ ነበርና፥ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር ብለን ተጨዋወትን።

በባሌ ብቻ የሚገኝ፥ እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ፍልፈልም አለ። ዓይኖቹ ከራሱ ላይ ስለ ሆኑ ከጕድጓዱ ብቅ ሲል ሰማዩን ይጠብቃል፤ በአፈሩ ክምር አጠገብም አንዲት ታናሽ ወፍ ተቀምጣ እርሱ ሲቈፍር የሚወጡትን ተባዮች ትለቅማለች። በአርሲ ያለው ፍልፈል ከእርሱ ያነሰ ዓይነት ነው። ነገር ግን የቈፈረው አፈር በየሜዳው እንደ ጕብታ ተከምሮ፥ በላዩ የበቀለው ሣር ከጎረቤቱ ሣር ልዩ ሆኖ አየነው።

እንግዲህ ላም ለቀበሮው ወዳጅ ናት ብለን ከተናገርን፥ የዚህን ነገር ሌላውን ፊት መሸሸግ አይገባንም። ሠላሳ ላም ጋሻ ይሆኑታል፤ ሦስት መቶ ሲሆኑ ግን ሣሩን እስከ ሥሩ ይግጡታል፥ የአይጡንም ጕድጓድ ይደረምሱታል። አይጥ የሌለበት ሜዳ ለቀበሮ በረሓ ነው፤ ከሚበላው ከመቶ ከ90 የሚበልጠው አይጥ ነውና። በመንዝ ጓሳ ቀበሮው እስከ ዛሬ ሊኖር የቻለው፥ አባቶች በሥርዐት ሣሩን ለዓመታት ከልለው ያቆዩት ስለ ነበረ ነው። ይህን ያደረጉት ለቀበሮ ብለው አይደለም፤ ለቤታቸው ክዳንና ለከብታቸው ለክፉ ቀን ብለው ነው። ቀበሮው ግን አብሮ ተጠቀመ።

በአርሲ ደግሞ ከከብቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሞፈር ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1967 ካዱ ተብሎ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት በስዊድን መንግሥት ረዳትነት በአሰላ ከተቋቋመ ወዲህ፥ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለአገሩ ብዙ እህል አስገኝቶለታል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካም የደጋውን ገብስ ይፈልገዋል። ነገር ግን ሰው ሲበዛና ታችኛው መሬት ሲጠብ፥ ገብሱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ልጁ ወደ አንድ ዐለት አመልክቶ፥ አባቱ ጎረምሳ በነበሩ ጊዜ አስታው ከዚያ ዐለት በታች እንደ ነበረ ነገረን። እኛ ስናየው ከዐለቱ በላይ ሁለት ማሳ ገብስ ተዘርቶ ነበር። ያ ማሳ የሰው እንጀራ ነው። ነገር ግን ከዚያ ደጋ ረግረግ የሚመነጨው ውሃ በከታር ወንዝ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ስለዚህ የሣሩ ነገር ከበቆጂ ርቀው ለሚኖሩትም ሰዎች የሚገባ ነገር ነው። ይህንንም በማሰብ ተራሮቹ በዘመናችን የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተብለው ተከልለዋል። ክልሉ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ በገብሱ ጫፍ ላይ ቆመን ስንፈልገው ግን ድንበሩን የሚያሳይ ምልክት አላገኘንም።

ወደ ማታ ስንወርድ ቀበሮው በዚያ በሌላው ሸንተረር ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተገናኝቶ አየነው። ቀን ለየብቻቸው ያድናሉ፤ ጧትና ማታ ግን ተሰብስበው ድንበራቸውን በአንድነት ይዞራሉ። በማኅበራቸው የምትወልደው አንዲቱ ታላቂቱ እንስት ስትሆን፥ የቀሩት ሁሉ ለቡችሎችዋ ምግብ በማምጣትና በመጠበቅ ይረዱአታል። ሰላምታ ሲለዋወጡ፥ ጅራታቸውን እየቈሉ አፍ ለአፍ ሲገናኙ ማየት ደስ ያሰኛል። ደስታችን ግን ብዙ አልቈየም፤ ከከብቶቹ ጋር የወጣ አንድ የእረኛ ውሻ ሽታቸውን ይዞ እየጮኸ ወደ እነርሱ ሮጠ። ቀበሮዎቹ ጥቂት ሸሽተው ዘወር አሉና ቆሙ፤ ውሻውም ቆመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሸንተረሩ ስለ ሸፈነው አላየንም።

ይህን ያህል ስለ አንድ ውሻ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቀይ ቀበሮን ከነብርም ከጥይትም ይልቅ የፈጀው ከውሻ የሚጋባው በሽታ ነው። በባሌ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991ና በ1992፥ ኋላም በ2003፥ በ2008ና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ ብዙዎችን ጨረሰ፤ በ2003ቱ ጊዜ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ። አብረው መኖራቸውና ማታ አፍ ለአፍ መገናኘታቸው፥ አሁን በአድናቆት የነገርናችሁ ያ ሰላምታ፥ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሁሉ ያደርሰዋል። በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ድርጅት ውሾችን ሲያስከትብ ኖሮ፥ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ማብላት ጀምሯል።

ሽማግሌው ቤት ስንደርስ ጨልሞ ነበር። የገብስ ቂጣና ወተት አቀረቡልንና በእሳቱ ዳር ተቀመጥን። ያየነውን ነግረናቸው፥ «አባታችን፤ ውሾቹን ማስከተብ፥ ቀንም ማሰር አይቻልምን?» ብለን ጠየቅናቸው።

«መከተቡን ሐኪሙ ከመጣ እናስከትባለን፤ ለእኛም ለልጆቻችንም ነው» አሉ። «ማሰሩን ግን አትንገሩኝ። ውሻዬን ካሰርሁት ጅብ ሲመጣ ማን ይጮኽልኛል? ይህች ባዝራ በሜዳ ስትወልድስ ማን ይጠብቃታል?»

«ጀዳላ ፈርዳውስ ከሜዳው ቢጠፋ?»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ትንሹን ልጃቸውን ጠርተው ገመድ እንዲያመጣ አዘዙት። ገመዱ መጣ፤ እጃቸው ላይ ጠቅልለው ይዘውት ወሬውን ወደ ገብሱ ዋጋ አዞሩት።

ሌሊት ከብርዱ የተነሣ እንቅልፍ አልወሰደንም። ጅብ ከወንዙ ማዶ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ውሻውም መለሰለት። ጎሕ ሲቀድ ልጁ መጥቶ ባዝራይቱ በአጥሩ ውጭ እንደ ወለደች ነገረን። ወጥተን ስናይ ውርንጭላው በአራት እግሩ ሊቆም ይንገዳገድ ነበር፤ በሣሩም ላይ ነጭ ውርጭ ነበረ። ከአንድ መቶ ክንድ ያህል ርቆ፥ በውርጩ ላይ ቀይ ሆኖ፥ ያ እንግዳ ተቀምጦ ይጠብቃል። ገመዱ በምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ውሻውም በደጁ ተኝቶ ነበር፤ የታሰረ ይሁን ያልታሰረ ግን ከቆምንበት አይታይም ነበር።